ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ሞተር ያስወርዳል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ “የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ ፒያሳ። አሮጌ ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፤ አንድ ሺህ ሲሲ፣ ማንዋል። ማታ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ስወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትደክማለች። ሁለተኛ ሳስገባ ደግሞ ትጮሃለች፤ የዙር መቁጠሪያው 4,000 ያልፋል። ታላቅ ወንድሜ ብዙ ዓመት አይሱዙ የነዳ ሰው ነው። ‘እንዲህ እያስጮህክ ሞተር ልታስወርድ ነው’ ይለኛል። ጠዋት ደግሞ የሰፈር ልጆች መኪና አስነስተው ቆመው ጋዝ ሲሰጡ አያለሁ፤ እኔም እንደዚያ ማሞቅ አለብኝ? ሞተር ማስጮህ በእውነት ይጎዳል ወይስ ወሬ ነው?”

ከመልሱ ልነሳ። ዳገቱን በሁለተኛ ይውጡ። በደቂቃ 4,000 ዙር ለቪትዝ ሞተር ጆሮ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ብረቱን አይጎዳም። ሞተር የሚጎዱ ነገሮች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ከጩኸቱ ጋር አብረው ስለሚመጡ ግን ጥፋቱ ሁሉ በጩኸቱ ይላከካል።

መጀመሪያ ለወንድምዎ ልከራከርላቸው። አይሱዙ ላይ የኖረ ሹፌር እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። የጭነት አይሱዙ የናፍጣ ሞተር ነው። ፒስተኑ ከባድ ነው፤ የሚመላለስበት ርቀትም ረጅም። ሙሉ ጉልበቱን 3,000 ዙር አለፍ ሲል ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የሚጨምረው ነገር የለውም። እሱን 4,000 ላይ ማስጮህ በእርግጥም ሞተር ለማስወረድ መቸኮል ነው። ቪትዝ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። የእርስዎ ሞዴል 70 የፈረስ ጉልበቷን የምታወጣው 6,000 ዙር ላይ ነው። የመጎተት አቅሟ ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ 4,000 ላይ። ወንድምዎ የሚደነግጡበት ቦታ ማለት እሷ በደንብ የምትጎትትበት ቦታ ነው። የዙር መቁጠሪያው ቀዩ መስመር ገና ሩቅ ነው።

ያ 70 ፈረስ ደግሞ የተለካው በባሕር ጠለል አየር ነው። አዲሱ ገበያ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚወርደው መንገድ ከዚያም ከፍ ይላል። እዚያ ላይ አየሩ በሩብ፣ ጫፉ ላይ ከሩብም በላይ ይሳሳል። አየር ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲቀንስ የሚያቃጥለው ቤንዚንም ይቀንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ። 70 የተባለችው 50 ግድም ትሆናለች። በዚያ ላይ አራት ሰውና የገበያ ጆንያ ሲጨመር፣ ሦስተኛ ላይ የምትደክመው ታማ አይደለም። ጉልበቷ እዚያ ዙር ላይ ስለሌለ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሞተር ጉልበት በአንድ ዙር የሚሠራው ሥራ በዙሩ ብዛት ሲባዛ የሚመጣ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ በአንዴ ተሸክሞ ዳገት ከመውጣት አራት ቦታ ከፍሎ ማመላለስ ወገብ ያድናል። ምልልሱ ይበዛል፤ በእያንዳንዱ ጉዞ ግን ሸክሙ ቀሏል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዙሩ ይበዛል፤ እያንዳንዱ ፍንዳታ ግን ይቀልላል።

ተቃራኒውን እንየው። ሦስተኛ ላይ ነዎት፤ ዙሩ 1,500 ነው፤ ከፊትዎ ሲኖትራክ ይጎተታል፤ ጋዙን እስከ ወለሉ ረግጠዋል። አሁን እያንዳንዱ ፍንዳታ ፒስተኑን በሙሉ ኃይሉ ይመታዋል። ኮሎው፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ግን በዝግታ ነው የሚዞረው። ኮሎውን ከብሮንዙ፣ ከሚዞርበት ስስ ማቀፊያ፣ ለይቶ የሚይዘው ስስ የዘይት ሽፋን ነው፤ ያንን ሽፋን የሚፈጥረው ደግሞ ዙሩ ራሱ ነው። ዙር ሲያንስ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ጭነቱ ግን ከብዷል። መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፤ አንዳንዴም ስል የብረት ኳኳታ ይሰማል። ሞተሩ ስላልጮኸ ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ይላል።

ይህን የምልዎት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሞተር ወርዶ ብሮንዙ ሲወጣ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቢዬላ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያዘው ክንድ ነው። ታች ጫፉ ኮሎውን የሚያቅፈው በሁለት ግማሽ ክብ ብሮንዞች ነው። አንዱ ከላይ ቢዬላው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ከታች ክዳኑ ላይ። የፍንዳታው ምት የሚያርፈው የላይኛው ላይ ነው። ዙር ሲበዛ ደግሞ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ቢዬላውን ሽቅብ ይጎትተዋል፤ ያ ጉተታ የሚያርፈው የታችኛው ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በጨርቅ ጠርጎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጤነኛ ብሮንዝ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ሲበላ ከግራጫው ሥር የመዳብ መልክ ብቅ ይላል።

ዳገት ሲወጡ ከሚውሉ ትንንሽ መኪኖች ያወጣኋቸውን ብሮንዞች ሳይ መዳቡ ደጋግሞ የወጣው የላይኛው ላይ ነው። ጥፍሬን ሳስኬድበት ጭረቱ ይይዘኛል። የታችኛው ግን ገና ግራጫ ነው። ባለቤቱን “እንዴት ነው የምትነዳት?” ብዬ ስጠይቀው መልሱን ከማውቀው ቆየሁ። “ኧረ እኔ ሞተር አላስጮህም!” ይለኛል፤ በኩራት።

ይህን ስል ግን ዙር በነፃ ይገኛል ማለቴ አይደለም። ያ ሽቅብ ጉተታ የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ከ3,000 ወደ 6,000 ሲደርሱ ቢዬላው የሚሸከመው አራት ጊዜ ነው። 6,000 ላይ ኮሎው በአንድ ሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል። ቀዩ መስመር የተሰመረው ለዚህ ነው። ቫልቮቹን የሚመልሰው ስፕሪንግም ከዚያ በላይ ተከትሎ መድረስ ያቅተዋል። ስለዚህ በዙሩ መቁጠሪያ ላይ ከ3,000 እስከ 4,500 ያለውን ዳገት ላይ እንደ ልብዎ ይጠቀሙበት። ከዚያ በላይ ያለውን ለመቅደም ወይም ለድንገተኛ ነገር ይተዉት። ቀዩ ውስጥ ምንም ጉዳይ የለዎትም። የዙር መቁጠሪያ የሌላት ቪትዝም አለች፤ ለእሷ ባለቤት መለኪያው እግር ነው። ጋዝ ጨምሮ መኪናዋ ወዲያው ከተከተለች ማርሹ ልክ ነው። ጨምሮ ጨምሮ ዝም ካለች ማርሽ መቀነስ ነው።

አንድ ለኪስ የሚሆን ስሌት ልስጥዎ። ሁለተኛ ላይ 4,000 የነበረው ዙር ሦስተኛ ሲያስገቡ ወደ 2,700 ግድም ይወርዳል። ዳገቱ ላልቶ እዚያ ላይ መፍጠኗን ከቀጠለች ሦስተኛ ይቆዩ። ከ2,500 በታች ወርዳ ጋዝ ቢሰጧትም ካልተነቃቃች ወደ ሁለተኛ ይመልሱ።

ሙቀቱስ? “ስታስጮሃት ትግላለች” የሚሉም አሉ። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ ነው፤ ዙር ሲጨምር ውሃውም በራዲያተሩ ውስጥ ይበልጥ ይመላለሳል። ስለዚህ በዝግታ ዳገት ላይ ዝቅ ያለ ማርሽ ለማቀዝቀዝ ይረዳል እንጂ አይጎዳም። ዳገት ላይ የሚያፈላ መኪና ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ዝገት ተደፍኗል፤ ፋኑ አይነሳም፤ ወይም ክዳኑ ላልቷል። የመጨረሻውን ማንም አያስበውም። በእኛ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በራዲያተሩ ውስጥ ከ100 በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝለት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ለአዳማ መኪና ሊበቃ ይችላል፤ ለሱሉልታ ዳገት ግን አይበቃም። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ከመጣመሙ በፊት ይቀይሩት።

ወደ ጠዋቱ እንሂድ። ወንድምዎ ሊቆጡ የሚገባቸው እዚህ ጋ ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሱሉልታ ውርጭ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ወፍሮ ተኝቷል። መኪና ሲነሳ ፓምፑ ዘይቱን እስከ ላይ፣ እስከ ቫልቮቹ ድረስ ለማድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ ሲሞቅ ከሲሊንደሩ ብረት ይበልጥ ያብጣል። ቀዝቃዛ እያለ ልቅ ነው፤ እየተንገዳገደ ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ ቆሞ ጋዝ መስጠት ማለት ዘይት ያላገኘን ብረት በብረት መፈግፈግ ነው። የሰፈር ልጆቹ የሚያደርጉት ይህንን ነው። አንድ ቀን የሚያመጣው ነገር የለም። በየቀኑ ሲሆን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይበላል፤ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል።

ታዲያ አሥር ደቂቃ በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳልረግጥ፣ ላቁማት? እሱም አይሆንም። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን አብዝቶ ነው የሚወስደው። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ ተንጠባጥቦም ዘይቱን ያቀጥናል። ቆሞ የሚሞቅ ሞተር ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሆነ የሚሞቀው ይህ ሁሉ ይረዝማል። ያስነሱ፣ መስታወቱን ይጥረጉ፣ ቀበቶዎን ይሰሩና ይሂዱ። ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በቀላል እግር፣ ከ2,500 ሳያሳልፉ ይንዱ። በከፍተኛ ማርሽ ማስጨነቅም የለም፤ ቀዝቃዛ ሆኖ መጨነቅ የባሰ ነው። የውሃው ሙቀት መደበኛ ቢያሳይም ዘይቱ ገና ከኋላው ነው፤ ትንሽ ይታገሱት። እርስዎ ከቤትዎ ሲነሱ የከተማው ሜዳ ስላለ እድለኛ ነዎት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ዝግጁ ይሆናል።

ቴርሞስታቱ በቦታው ካለ ነው ታዲያ። የከተማችን ጋራዦች አንድ ክፉ ልማድ አላቸው። መኪና ጋለ ተብሎ ሲመጣ ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። “ውሃው በደንብ ይዙር” ይላሉ። ያ ትንሽ ዕቃ ሥራው ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ሞተሩን ቶሎ ማሞቅ ነው። ከወጣ በኋላ የሱሉልታ ጠዋት ላይ ሞተሩ ከቤትዎ እስከ አዲሱ ገበያ ሳይሞቅ ሊደርስ ይችላል። ኮምፒውተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል፤ ፍጆታ ይጨምራል፤ ብረቱም ይበላል። መኪናዋን ሲገዙ ያገለገለች ከነበረች መጀመሪያ ይህን ያስፈትሹ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ያለችውን ሞተር አክብሮ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

ጠዋት ሲወርዱ ሌላ ጩኸት ይመጣል። ከጫፉ ወደ አዲሱ ገበያ በሦስተኛ ሲወርዱ ዙሩ 3,500 ቢያሳይ አይደንግጡ። እግርዎ ከጋዙ ላይ ተነስቷል፤ የኢንጀክሽን ሞተር ስለሆነች ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ዘግቶታል። ፍንዳታ የለም፤ ሞተሩ መኪናዋን እየያዘልዎት ነው። ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው የካርቡራተር ዘመን ወሬ ነው። አሁን ዜሮ ሲያደርጉ ሚኒሞ ላይ ለመቆየት ጭራሽ ቤንዚን ትጠጣለች። ፍሬንዎም ብቻውን ይቀራል። የዚያን ቁልቁለት መጨረሻ ላይ የሚሸተውን የጋለ ፍሬን ያውቁታል።

በአንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ዙር ሲያልፍ ቤንዚን ዘግቶ ሞተሩን የሚያድን ገዳቢ አለ። ገዳቢው የሚያድነው በጋዝ ከመጣ ጩኸት ብቻ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ገብተው በአዳማው ፈጣን መንገድ በ100 እየሄዱ፣ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ልመልስ ሲሉ እጅዎ ስቶ ሁለተኛ ገባ እንበል። ፍሪሲዮኑን ሲለቁ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ገዳቢው ቤንዚን ቢዘጋ ምን ሊፈይድ? ዙሩ ከቀዩ መስመር አልፎ 7,000 ይሻገራል። ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል፤ አንዳንዴም ቢዬላው ብሎኩን በስቶ ይወጣል። እንዲህ ከሆነብዎ ወዲያው ፍሪሲዮኑን መልሰው ይርገጡ። በጩኸት የሞተ ሞተር ካየሁ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሞተ ነው።

ወይም ዘይት ጎድሎት የሞተ። አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል፤ ዙር ሲበዛ ደግሞ ይበልጥ ይበላል። ዘይቱ ዝቅ ብሎ ዳገት ሲወጣ ካርተሩ ውስጥ ያለው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ፓምፑ ከዘይት ይልቅ አየር ይስባል። ያኔ ብሮንዙን ለማበላሸት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ባለቤቱም “ዳገት ላይ አስጩኼያት ነው” ብሎ ይመጣል። የዘይት መለኪያው ዘንግ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ ይውጣ። በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ከግማሽ በታች ከሆነ ይጨምሩ። የሰፈርዎ የውስጥ መንገድ አቧራማ ከሆነ የአየር ማጣሪያውንም ቶሎ ቶሎ ይዩት፤ ያለፈ አቧራ የሲሊንደር አሸዋ ወረቀት ነው።

ቱርቦ ላላቸው ሃይሉክስና ሚኒባስ ባለቤቶች አንድ ቃል፦ ከማጥፋት በፊት “ቩም” ማድረግን ይተዉ። ቱርቦው በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ ዘይቱ ይቋረጥበታል። ዳገት ወጥቶ የቆመ መኪና አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይና ይጥፋ።

መኪና ሲገዛ “እስቲ አስጩኸው” የሚለውም ብዙ አይነግርም። ጭነት የሌለው ሞተር ሁሉ ጥሩ ይጮሃል። ሳይሞቅ ያስነሱልኝ ይበሉ፤ ከዚያ ዳገት ላይ ይንዷት። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ወርዳ መልሰው ጋዝ ሲሰጧት ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከለቀቀች ያለቀ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ወይም ፋሻ አለባት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡልኝ፤ ከጥያቄዎ ላይ እርግጠኛ መሆን ያልቻልኩት እሱን ነው። ዙሩ 4,000 ሲያልፍ ፍጥነትዎ ስንት ነበር? ሁለተኛ ላይ 4,000 ማለት በእርስዎ መኪና 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። 50 አካባቢ ካሳየ ሁሉም ደህና ነው። 30 እያሳየ ዙሩ 4,000 ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ለማረጋገጥ ሜዳ ላይ በአራተኛ 40 እየሄዱ ጋዙን በአንዴ ይርገጡት። ዙሩ ዘሎ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ ዲስኩ አልቋል፤ የተቃጠለ ሽታም ይኖረዋል። ያኔ የማርሹን ክርክር ከወንድምዎ ጋር አቆዩትና ዲስኩን ያስቀይሩ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታም አብረው ይለውጡት፤ ለእሱ ብቻ ሁለተኛ ማስወረድ የእጅ ዋጋ መክፈል ነው።